የሩቅ መንገደኛ ፍጻሜ በታላቅ ከተማ፤ ስለ አብራም የካልኩታ ንግግር

የመንገድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው መነሻውን ለመጻፍ ብዙ አይቸገርም። ስንቁን ያሰናዳበትን፣ ከዘመድ የተሰናበተበትን፣ የመጀመሪያውን ወንዝ የተሻገረበትን ቀን አይረሳውም፤ ቃሉም ራሱ ይመጣለታል። የሚያስቸግረው ፍጻሜው ነው። ብዙ ወራት ወይም ብዙ ዓመታት በእግርና በጀልባ ሲንከራተት የኖረ ሰው ጭነቱን ከትከሻው አውርዶ በማያውቀው ታላቅ ከተማ ሲቀመጥ፣ ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት መንገድ ሲያልቅበት፣ ምን ይላል? ያን ጊዜ የሚናገረው ቃል ጉዞው ምን እንዳደረገው የሚታወቅበት ነው፤ በአማርኛ ከተጻፉት የመንገድ ታሪኮች አብዛኛዎቹ ግን ይህችን ሰዓት በዝምታ ያልፏታል።

የግብረ ሐዋርያትን መጨረሻ ያስተዋለ አንባቢ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ቅዱስ ሉቃስ የጳውሎስን መንገድ ከመላጥያ ደሴት አንሥቶ ሰራኩስ፣ ሬጊዩም፣ ፑቲዮሉስ እያለ ወደብ በወደብ ይቆጥራል፤ ወንድሞች ሊቀበሉት እስከ ሦስት ማደሪያ ድረስ መውጣታቸውን እንኳ አይዘነጋም። ሮሜ ካደረሰው በኋላ ግን መጽሐፉን በአንድ የኪራይ ቤት ውስጥ ይዘጋዋል። ሁለት ዓመት፣ አንድ ቤት፣ የሚገቡና የሚወጡ እንግዶች፤ ሌላ የለም። በቄሣር ፊት ምን እንደ ተፈረደ አይናገርም። የነገሩን ማለቂያ የሚሻ ተማሪ ይህን ጉድለት ይለዋል፤ ሆኖም ቤት ተከራይቶ መቀመጥ ለመንገደኛ ምን ማለት እንደ ሆነ በዚህ ያህል ጥቂት ቃል የተጻፈበት ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

ጉዳዩ የጥንት ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ (ነፋስ ስልክ በቀድሞው አነጋገር ያለ ሽቦ የሚነጋገሩበት መሣሪያ ስም ነበረ)፣ በለቡ በኩል አዲሱ የምድር ባቡር ጣቢያ ይገኛል። መስመሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ እስከ ጅቡቲ ይዘልቃል። ከቦሌ የሚነሣውም አውሮፕላን ሰውን በአንድ ሌሊት ባንኮክ ያደርሰዋል። በባንኮክ ከነገሥታቱ ግቢ ብዙ ሳይርቅ ካኦ ሳን የሚባል አጭር መንገድ አለ፤ ትርጓሜው የተፈተገ ሩዝ ማለት ነው፤ ቀድሞ ሩዝ ይሸጥበት ስለ ነበረ እንዲህ ተባለ። ዛሬ ግን ጭነታቸውን በጀርባቸው አዝለው እስያን ሲዞሩ የከረሙ የልዩ ልዩ አገር ወጣቶች ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ሲሉ የሚያርፉበት ሰፈር ሆኗል። በመካከላቸው የኢትዮጵያ ልጅ ቢገኝ፣ ተመልሶም በጀሞ ወይም በመካኒሳ በዘመዶቹ መካከል ቢቀመጥ፣ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ ማንም ይገምተዋል። ዕቃው በስንት ይገዛል፣ ምን ይበላሉ፣ ምን አመጣህልን ይባላል። እርሱም በተጠየቀው መጠን ይመልሳል። የጠያቂው ጥያቄ የተራኪውን ታሪክ እንዴት እንደሚያሳጥረው የሚያሳይ፣ ከ230 ዓመት በላይ የቆየ አንድ ምስክር አለ።

ምስክሩ በ1788 በካልኩታ የታተመ አጭር ጽሑፍ ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች ያለው የዘመን ቍጥር እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።) ጸሐፊው ዊልያም ጆንስ በ1783 ወደ ቤንጋል መጥቶ በካልኩታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነ፣ በማግሥቱም ዓመት የእስያን ነገር የሚመረምር ማኅበር ያቋቋመ፣ ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ ሊቅ ነበረ። ማኅበሩ ባሳተመው በመጀመሪያው ቅጽ ውስጥ አብራም ከሚባሉ ሐበሻ ጋር ስለ ጎንደር ከተማና ስለ ዓባይ ምንጭ ያደረገውን ንግግር አስገባ። በካልኩታ ዐረብኛ የሚናገር የሐበሻ ሰው መኖሩን ሰማ፤ አስጠራቸው፤ መረመራቸው፤ መልሳቸው የቀና ሆኖ ስላገኘውና ሐሰት ስላልጠረጠረባቸው ቃላቸውን ጻፈው።

እኚህ አብራም ኋላ በምስር አቡ ሩሚ ተብለው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመለሱት ሽማግሌ እንደ ሆኑ ብዙ ሊቃውንት ይቀበላሉ። በ1750 ገደማ የተወለዱ፣ በ28 ዓመታቸው ከአገራቸው ወጥተው ወደ ምስር የወረዱ፣ ኢየሩሳሌምን የተሳለሙ፣ ከዚያም በሶርያ፣ በአርመንና በፋርስ አልፈው ህንድ የደረሱ ሰው ናቸው። በዚያ ዘመን አንድ ሐበሻ ያለ ንጉሥ ደብዳቤና ያለ አጃቢ ይህን ሁሉ መሬት መርገጡ፣ ከረገጠም በኋላ በቤንጋል ታላቅ ከተማ በአንድ ሊቅ ፊት መቀመጡ፣ ለታሪክ ጸሐፊ የማይገኝ አጋጣሚ ነበረ። ንግግሩ መነበብ ያለበት ይህን በማሰብ ነው።

ታዲያ አብራም ምን ተናገሩ? ጎንደር በስፋትም በሕዝብ ብዛትም ምስርን ልትተካከል ጥቂት የቀራት ከተማ ናት አሉ፤ ምስርን ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ አይተዋታልና። ቀሓና አንገረብ በሚባሉ ሁለት ወንዞች መካከል መሆኗን ተናገሩ። የቤቱ ግድግዳ ቀይ ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር ነው፤ መንገዶቿ የካልኩታን መንገዶች ይመስላሉ፤ ንጉሡ የሚያልፍበት ጎዳና ግን ሰፊ ነው፤ ግቢው በከተማዋ መካከል እንደ ምሽግ ቆሟል አሉ። በገበያዋ ጥራጥሬ ሞልቷል፣ ስንዴና ገብስም አለ፣ ሩዝ ግን የለም፤ በጉና ፍየሉ ብዙ ነው፤ ሰዉ ወተትና አይብ ይወዳል፤ ባላገርና ወታደር ጥሬ ሥጋ ይበላል አሉ።

አንድ ተራ አንባቢ ይህን ቢያነብ የከተማ ዝርዝር ብቻ ያገኝበታል፤ ጆንስም ያገኘው ይህንኑ ነው። ቀደም ሲል አንድ የኤውሮጳ ጸሐፊ ጎንደርን የነገሥታት መዲና ሲል ሌላው የወታደር ሰፈር ብቻ ናት ብሎ ነበርና፣ ዳኛው በሁለቱ ክርክር ላይ የሚፈርድበት ምስክር ፈለገ። ምስክሩን አገኘ፤ ፈረደም። ነገር ግን በዚህ ደረቅ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ የመንገደኛው ድምፅ ከምስክሩ ድምፅ ተለይቶ ይሰማል።

የመጀመሪያው ሩዝ የለም ያሉበት ነው። ጎንደርን ለጎንደር ሰው የሚያወራ ማንም ቢሆን ሩዝ የለም አይልም፤ የሌለውን ነገር ቆጥሮ የሚናገር ሰው ያ ነገር በፊቱ የሞላ ሰው ነው። ቤንጋል የሩዝ አገር ነው፤ ባለጸጋውም ድኻውም የሚኖረው በሩዝ ነው። ጤፍ ወደማይታወቅበት አገር የመጣ ሐበሻ በየቀኑ ምን ይበላ እንደ ነበር ይህች አንዲት ቃል ትናገራለች። የካልኩታ ኑሮውን ማንም አልጠየቀውም፤ እርሱም አላወራውም፤ ሩዝ ግን ሳይጠራ ገባ። በብዙ የመንገድ ታሪክ ውስጥ የናፍቆት ምዕራፍ ተብሎ ገጽ ሙሉ የሚፈስሰው እንባ የዚህችን ያህል አያስረዳም። ለዚህ ነው ካኦ ሳን የሚለውን ስም የሰማ ሐበሻ አንባቢ አብራምን ሳያስታውስ የማያልፈው።

ሁለተኛው የምስርና የጎንደር መስተካከል ነው። ይህ እውነት አልነበረም። በጎንደር የኖረው የእስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስ ከተማዋን በሰላም ጊዜ ወደ 10,000 ቤተ ሰብ ገምቷታል፤ ምስርን ግን በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የገቡባት ፈረንሳዮች ከ250,000 የሚበልጥ ሰው እንዳለባት ገመቱ። ስለዚህ ጆንስ ያለ ጥርጥር የተቀበለው ቃል በቍጥር ቢመዘን የጎደለ ነው። ሐሰት ብሎ መጣሉ ግን የችኮላ ፍርድ ይሆናል። ከአገሩ ከወጣ ብዙ ዘመን የሆነው፣ በምስርና በኢየሩሳሌም፣ በፋርስም መንደሮች የተንከራተተ ሰው በባዕድ ፊት ከተማህ ምን ታህላለች ተብሎ ሲጠየቅ በልቡ ያለችውን ከተማ ይናገራል። በልቡ ያለችው ደግሞ በመንገዱ ርዝመት መጠን አድጋለች። ጆንስ ይህን ሊያይ ይችል ነበር፤ ነገር ግን የአንዲት ከተማ ልክ እንጂ የአንድ ሰው ልብ አልፈለገም። የመንገድ ታሪክ የሚመረምር ሰው መለየት ያለበት እነዚህን ሁለት እውነቶች ነው፤ በአንዱ ሚዛን ሌላውን የመዘነ እንደሆነ ወይ ተራኪውን ቀጣፊ ያደርገዋል፣ ወይም ጎንደርን ምስር ያደርጋታል።

የጽሑፉ ትልቅ ጉድለት እንግዲህ ከዚህ ላይ ይገለጣል። በዳኛው ፊት የተቀመጡት ሰው ከጎንደር እስከ ካልኩታ ያለውን ዓለም በእግራቸው የለኩ ናቸው። በአርመን ማን አሳደራቸው? በፋርስ በምን ቋንቋ ለመኑ? ባሕሩን በማን መርከብ ተሻገሩ? ካልኩታ ሲደርሱ ጭነታቸውን የት አወረዱ? ለምንስ ከዚያ ወዲያ አልሄዱም? ከእነዚህ አንዱም በጽሑፉ ውስጥ የለም። የጠየቃቸው ስለ ጎንደር ነው፣ ስለ ዓባይ ምንጭ ነው፣ ስለ ብሩስ ነው፤ ከራሳቸው በቀር ስለ ሁሉ ተጠየቁ። ጆንስን ክፉ ሰው ነው ለማለት አይደለም፤ ከእርሱ በፊትና ከእርሱ በኋላ የሐበሻን መንገደኛ ያገኙ የኤውሮጳ ሊቃውንት ብዙዎቹ እንዲሁ አድርገዋል። ቃላቸውን መጻፉ ራሱ ምስጋና ይገባዋል፤ እርሱ ባይጽፈው ሩዟም አትገኝም ነበር። ነገር ግን ዳኛ ምስክርን በጠየቀው ነገር ላይ ብቻ እንዲመልስ ያስገድደዋል፤ ለፍርድ ይህ ደግ ነው፤ ለታሪክ ግን በር መዝጋት ነው።

የአቡ ሩሚ መንገድ በካልኩታ አላለቀም። ከብዙ ዘመን በኋላ በምስር ታመው ሳሉ አሰለን ደ ሸርቪል የሚባል የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም አገኛቸው፤ አስታመማቸውም። ከዚያ የሆነውን ነገር የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሁሉ በመጠኑ ያውቁታል። ፈረንሳዊው 10 ዓመት ሙሉ ማክሰኞና ቅዳሜ ደጁን ለእንግዳ ዘግቶ ከሽማግሌው ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ከዐረብኛው ቃል በቃል እያነበበ፣ ነገሩ በጨለመ ጊዜ ዕብራይስጡን፣ ሱርስቱንና ጽርኡን እየተመለከተ፣ ወደ አማርኛ አስመለሰ። አቡ ሩሚ በእጃቸው የጻፉት 9,539 ገጽ ሆነ።

አንዳንድ ሰው ይህን ትርጉም የሽማግሌው የመንገድ መጽሐፍ ነው ሊል ይፈልግ ይሆናል። አሳቡ ያማረ ነው፤ ነገር ግን መጠንቀቅ ያሻል። አብርሃም ከካራን የወጣበትን ምድር፣ ዮርዳኖስንና ኢየሩሳሌምን ያየ ሰው ያንን ሲተረጉም በዐይኑ ያየው መሬት ፊቱ ላይ መምጣቱ አይቀርም። ቢሆንም ትርጉም የሚሠራ ሰው የራሱን አቧራ በቃሉ ላይ ቢያራግፍ ሥራውን አበላሸ ማለት ነው። አቡ ሩሚ ያን አላደረጉም። ኦሪቱን የሙሴ፣ ወንጌሉን የወንጌላውያን አድርገው ትተው ከመካከሉ ወጡ። ስለዚህ በእነዚያ ገጾች ውስጥ እሳቸውን የሚፈልግ አያገኛቸውም፤ አለማግኘቱም የአደራ ጠባቂነታቸው ምልክት ነው። ሆኖም ኀዘኑ አይቀርም። ያን ያህል ሺህ ገጽ ለመጻፍ የበቃ እጅ፣ የገዛ መንገዱን የሚናገር አሥር ገጽ እንኳ ጻፍ የሚለው ሰው ቢያገኝ ኖሮ፣ አማርኛ ከማንኛውም የሐበሻ የጉዞ መጽሐፍ የቀደመና የሰፋ ታሪክ በኖረው ነበር።

ከዚህ ጋር የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ማነጻጸር ይገባል። ብላቴን ጌታ በ1923 ዓ.ም. የተደረገውን የንግሥ በዓል ጃፓን ስላከበረች ምስጋና ለማድረስ በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ተልከው ሄዱ፤ መጽሐፉም በዚያው ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ ታተመ፤ በ1934ም በጃፓንኛ ወጣ። ጉዟቸው እስከ ጅቡቲ በአሮጌው የምድር ባቡር፣ ከዚያ ወዲያ በመርከብ ነበረ፤ የዚያ ዘመን የምሥራቅ መርከቦችም በኮሎምቦ፣ በሲንጋፖር፣ በሳይጎን፣ በሆንግ ኮንግና በሻንጋይ ያልፉ ነበር። ታላቁ ደራሲ የሁለቱን መንግሥታት ዘር ጥንታዊነት እያስተያዩ፣ ኢትዮጵያ ከጃፓን ምን ልትማር እንደምትችል እያሰቡ ይጽፋሉ። ቋንቋቸው የጠራ ነው፤ ምኞታቸውም የአገር ነው። ነገር ግን መልእክተኛ በየወደቡ የሚቀበለው አለው፤ ጭነቱን ራሱ አያወርድም፤ የሚያድርበትም ቤት ሳይደርስ ተሰናድቶ ይቆየዋል። ብላቴን ጌታ በቶኪዮ ያዩት አገራቸው ልትሆን የሚገባትን ነው፤ አብራም በካልኩታ የተናገሩት አገራቸው የሆነችውን፣ ያውም ከሆነችው ጥቂት አስበልጠው። ለአንባቢ የሚጠቅመው የፊተኛው፣ የሚዘልቀው የኋለኛው ይመስላል፤ ምንም እንኳ የፊተኛው ሙሉ መጽሐፍ፣ የኋለኛው የሌላ ሰው ማስታወሻ ቢሆን። ብላቴን ጌታም የመጨረሻውን መንገዳቸውን ሊጽፉት አልቻሉም፤ በ1931 ዓ.ም. መስከረም ላይ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ሳሉ ዐረፉ።

ዛሬ በጀርባው ሻንጣ አዝሎ የሚወጣ ወጣት እንደ ብላቴን ጌታ አቀባበል የለውም፤ እንደ አብራምም ዳኛ አያስጠራውም። ጽሕፈት ያውቃል፤ ብዙ ምስልም ያነሣል። ከእርሱ የሚጠበቀው ታዲያ የከተማውን ሕንፃ ቁመትና የዕቃውን ዋጋ መዘርዘር አይደለም፤ ያን ሌላው ሁሉ ጽፎታል። በመጨረሻው ማደሪያ ጭነቱን ሲፈታ ምን ከውስጡ እንደ ወጣ፣ ምን እንዳለቀበት፣ በዚያ ገበያ ምን እንዳጣና ምን እንደ ሰለቸው ቢጽፍ፣ ከአብራም ሩዝ ጋር የሚቆጠር አንድ ነገር ይገኝበት ይሆናል። ለዚህ ደግሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን አመጣህ ከማለት ሌላ የሚጠይቀው ዘመድ ያስፈልገዋል። አሁን በየጊዜው የሚወጡት የመንገድ ጽሑፎች በዚህ በኩል ድኾች ናቸው፤ መነሻቸው ረጅም፣ መካከላቸው የቦታ ስም፣ መጨረሻቸውም እግዚአብሔር ይመስገን በደኅና ገባን የሚል ነው። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ ጽሑፉ ግን ከእርሱ በፊት የነበረውን ሌሊት ዘለለው።

አቡ ሩሚ ትርጉሙን ከፈጸሙ በኋላ ኢየሩሳሌምን እንደገና ለመሳለም ወጡ። ወደ ምስር ተመልሰውም በወረርሽኝ ሞቱ። በ1820 ዊልያም ጆዌት የሚባል ቄስ ለእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን ከአሰለን በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ወንጌሉ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ ብሉይና ሐዲስ በአንድነት በ1840 ታተመ። ከታተመው ወንጌል ጥቂቱን ሳሙኤል ጎባት ጭኖ በ1830 ጎንደር ገባ፤ በቀሓና በአንገረብ መካከል፣ የቤቱ ግድግዳ ቀይ ድንጋይ ክዳኑ ሣር በሆነባት ከተማ፣ ለሚያነብ ሰው ያድል ጀመር።